ወንጌል ወረራ አይደለም፦ ከጋፋት ሆነን ስለ አንድ ካርቱን



በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ «ይህን ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል። የፊልሙ ስም ይለዋወጣል እንጂ ጥያቄው አይለወጥም። በቅርቡ የተጠየቅነው «ሶላር ኦፖዚትስ» ስለሚባል ተከታታይ ፊልም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሁሉ» በሚባለው የአሜሪካ የኢንተርኔት ቴሌቪዥን መታየት የጀመረ፣ ለአዋቂዎች የተሠራ የካርቱን ኮሜዲ ነው። ከሌላ ፕላኔት መጥተው በአንድ ተራ የአሜሪካ ሰፈር ውስጥ ቤት ይዘው ስለሚኖሩ ፍጥረታት ይተርካል።

አስቀድመን ለወላጆች አንድ ቃል እንበል። ካርቱን ሁሉ የልጆች አይደለም። በዚህ ፊልም ውስጥ ስድቡ ብዙ ነው፤ ደም መፋሰሱም፣ የዝሙት ቀልዱም እንዲሁ። ሕፃኑ ዝም እንዲል ስልክ የምንሰጠው ከሆነ ስልኩ የሚያሳየውን ማወቅ የእኛ ግዴታ ነው። ለአዋቂም ቢሆን ተመልከቱት ብለን አንመክርም። ጳውሎስ ሐሳባችንን ንጹሕና ምስጉን በሆነው ነገር ላይ እንድናውል የሰጠን ምክር (ፊልጵ. 4፥8) በስልካችንም ላይ ይሠራል።

ይሁን እንጂ ብዙ ወጣቶች አይተውታል። ላየ ሰው «አትይ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ጳውሎስ በአቴና የጣዖታቱ ብዛት መንፈሱን ቢያስቆጣውም ዓይኑን ጨፍኖ አላለፈም። የመሠዊያውን ጽሑፍ አንብቦ ስብከቱን ከዚያ ጀመረ (ሐዋ. 17፥16-31)። እኛም ከዚህ ካርቱን ተነሥተን ስለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጉዳይ መናገር እንወዳለን። ወደ ጎረቤቶቻችን የምንሄደው እንደ ወራሪ ነው ወይስ እንደ ጌታችን?

ባዶ ያልነበረችው ምድር

የታሪኩ መነሻ እንዲህ ነው። ሽሎርፕ የምትባል ፕላኔት በጠፈር አለት ተመትታ ትጠፋለች። ያመለጡት ነዋሪዎቿ ማንም የማይኖርባቸውን ዓለማት ፈልገው እንዲሰፍሩ ይላካሉ። ኮርቮና ቴሪ የተባሉት ሁለቱ አዋቂዎች ግን ከልጆቻቸው ከዩምዩላክና ከጄሲ፣ እንዲሁም ፑፓ ከሚባል ትንሽ ፍጥረት ጋር ሲጓዙ መርከባቸው ምድር ላይ ይከሰከሳል። ባዶ መሬት ሊይዙ የወጡት ሰው በሞላበት ዓለም ውስጥ ይወድቃሉ።

አብዛኛው ቀልድ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ኮርቮ የሰውን ልጅ ይንቃል፤ መርከቡን ጠግኖ የሚሄድበትን ቀን ይናፍቃል። ቴሪ በተቃራኒው በምድር ምግብና ቴሌቪዥን ተማርኮ የመጣበትን ጉዳይ ረስቶታል። የጎረቤቶቻቸውን ኑሮ አይረዱም። ያልተረዱትን ነገር ጠይቆ ከማወቅ ይልቅ በመሣሪያቸው ሊያስተካክሉት ይሞክራሉ፤ ባስተካከሉት ቁጥር ይበላሻል።

ተመልካቹ በእነዚህ እንግዶች ይስቃል። ሰው ያለበትን አገር ባዶ ነው ብሎ መግባት ግን የፊልም ፈጠራ ብቻ አይደለም።

እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1898 «የዓለማት ጦርነት» የተባለውን ልብ ወለድ በመጽሐፍ አሳተመ። ከማርስ የመጡ ፍጥረታት እንግሊዝን ሲወርሩ የሚያሳይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት የጠፈር ወረራ ታሪኮች አብዛኞቹ የእርሱ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ዌልስ በመጀመሪያው ምዕራፍ አንባቢዎቹን ያሳስባል፤ በማርስ ፍጥረታት ጭካኔ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት አውሮፓውያን ሰፋሪዎች በታዝማኒያ ሕዝብ ላይ ያደረሱትን ጥፋት አስቡ ይላቸዋል። ሌሎችን ስትወርር የኖረች አገር ደራሲ ወገኖቹን በተወራሪው ቦታ አቁሞ አሳያቸው።

ያ መጽሐፍ የወጣው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ለለንደን አንባቢ ልብ ወለድ የነበረው ነገር በእኛ አገር አያቶች በዓይናቸው ያዩት ነበር። የመቅደላ መንገድ ደግሞ በደጃችን፣ በጋፋት ያልፋል።

የጋፋት እንግዶች

ጋፋት ከደብረ ታቦር ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ቦታ ናት። እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የላካቸው በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንት ጳጳስ የነበረው ሳሙኤል ጎባት ነው። ሐሳቡ በእጅ ሙያቸው እየኖሩ የእግዚአብሔርን ቃል ለሕዝቡ እንዲያካፍሉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት አሰፈሯቸው። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ከእነርሱ መካከል ናቸው። በጋፋት ቤት ሠሩ፣ ትዳር መሠረቱ፣ የአገሩን ወጣቶች ሙያ አስተማሩ።

ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከሁሉ በላይ የፈለጉት መድፍ ነበር። ባለሙያዎቹ የማያውቁት ሥራ ቢሆንም ትእዛዙ የንጉሥ ነበርና ሙከራው ቀጠለ። በመጨረሻም ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው «ሴባስቶፖል» ተወለደ። ያ መድፍ መንገድ እየተጠረገለት፣ በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ሲመጣ ግን የጦርነቱን ውጤት አልለወጠም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን በዚያው አምባ ላይ ሞቱ። ጦሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ የብራና መጻሕፍትንና ሌሎች ቅርሶችን፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ሄደ። መድፉ መቅደላ ላይ ቀረ፤ አምሳያው ዛሬ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል።

ይህን የምናነሣው በእነዚያ ወንድሞች ላይ ለመፍረድ አይደለም። በንጉሥ እጅ ውስጥ የነበሩ እንግዶች ናቸው፤ ከመካከላችን በእነርሱ ቦታ ሆኖ «እኔ እንዲህ አደርግ ነበር» ብሎ የሚምል አይኖርም። ልብ ልንለው የሚገባ ነገር ግን አለ። ወንጌልን ይዘው መጡ፤ ጋፋት ሲነሣ የሚታወሰው ግን መድፉ ነው። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ ጋፋት ሲማሩ የሚሰሙት ስለ ብረት ማቅለጫው እንጂ በዚያ ስለ ተነበበው መጽሐፍ ቅዱስ አይደለም።

ከ100 ዓመት በኋላስ የደብረ ታቦርና የአካባቢው አማኞች በምን እንታወስ ይሆን?

ወረራ የሚለው ቃል

በአንዳንድ ጉባኤዎችና ጸሎቶች የሚሰማ ቋንቋ አለ። «ከተማዋን እንውረር»፣ «ምሽጋቸውን እናፍርስ»፣ «ምድሪቱን እንቆጣጠር» ይባላል። በባነር ይጻፋል፣ በድምፅ ማጉያ ይታወጃል። የሚናገሩት ወገኖች አብዛኞቹ ክፉ አስበው አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስም ስለ መንፈሳዊ ውጊያ ይናገራል ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው።

ነገር ግን ጳውሎስ ስለዚህ ውጊያ ሲጽፍ ጦርነቱ ሥጋና ደም ከለበሰ ሰው ጋር አለመሆኑን አስቀድሞ ገልጿል (ኤፌ. 6፥12)። ጎረቤታችን ሥጋና ደም ነው። ስለዚህ ጎረቤታችን ጠላት አይደለም። እኛ በአዳራሽ ውስጥ ስለ አጋንንት የተናገርን ሲመስለን እርሱ በደጁ ተቀምጦ የሚሰማው ስለ ራሱ፣ ስለ እናቱና ስለ አያቶቹ ነው።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ቃሉ ምሳሌ ብቻ አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ደብረ ታቦር ደጃፍ ደርሶ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ላይ ሲወድቅ የሰው ሕይወት ጠፍቷል። ያን ድምፅ የሰማች እናት «ወረራ» የሚል ቃል ስትሰማ የምታስታውሰው ስብከት አይደለም። የወንጌል መልእክተኛ ቃሉን ሲመርጥ የሚሰማውን ሰው ቁስል ማወቅ አለበት።

ሌላም ነገር አለ። ልክ እንደ ሽሎርፕ መርከበኞች፣ ባዶ ምድር ላይ ያረፍን የሚመስለን ጊዜ አለ። ይህ አገር ግን ባዶ አይደለም። የከተማችን ስም ራሱ ጌታ ክብሩን የገለጠበትን ተራራ ያስታውሳል። በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ቡሄ እየጨፈሩ በየደጁ ይመጣሉ፤ ሙልሙል ይቀበላሉ። ሕዝቡ ይጾማል፣ ይጸልያል፣ የእግዚአብሔርን ስም ሳይጠራ አይውልም።

እኛ ወንጌላውያን አብዝተን የምንወደው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1840 በአንድ ላይ ታትሞ የወጣው የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተመሠረተው አቡ ሩሚ በተባለ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ትርጉም ላይ ነው። በካይሮ ተቀምጦ ለዓመታት የደከመበት ሥራ ነው። ያሳተመው ደግሞ የብሪታንያና የውጭ አገር የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነበር። አንድ የኦርቶዶክስ መነኩሴ ተረጎመ፣ ፕሮቴስታንቶች አሳተሙ፣ እኛ አነበብን። ጎባትም ጳጳስ ከመሆኑ ብዙ ዓመታት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1830 ጎንደር ሲገባ ከካህናቱና ከሊቃውንቱ ጋር ቁጭ ብሎ መጻሕፍትን እያነሣ ይነጋገር ነበር። ማዳመጥ በእኛ ዘመን የተፈጠረ ዘዴ አይደለም፤ ከቀደሙት አባቶች ያገኘነው ነው።

ይህን ስንል ወንጌልን ማወጅ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሰው የሚድነው በጸጋ፣ በክርስቶስ በማመን እንደ ሆነ እናምናለን፤ ከዚህ አንዲት ቃል አንቀንስም። ነገር ግን መንገደኛ ውኃ የሚሰጠው ሰው አስቀድሞ ፊቱ ላይ ጭቃ አይረጭበትም።

በግድግዳ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ሰዎች

በዚያ ካርቱን ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚከብደው የግድግዳው ታሪክ ነው። ዩምዩላክ ያናደዱትን ሰዎች በመሣሪያ ጣት አሳክሎ ያሳንሳቸዋል። ከዚያ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ በተሠራ፣ በመስተዋት በተሸፈነ ማኖሪያ ውስጥ ይከታቸዋል። ሁለቱ ልጆች ፍርፋሪ ምግብ ይወረውሩላቸዋል፣ በመስተዋቱ በኩልም ይመለከቷቸዋል። ውስጥ ያሉት ሰዎች ግን ይራባሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይጣላሉ፣ አምባገነንም ይነሣባቸዋል። ከውጭ ላለው መጫወቻ የሆነው ውስጥ ላሉት ሕይወት ነው።

ሰውን ከመስተዋት ውጭ ቆሞ ማየት ለአገልጋዮችም ትልቅ ፈተና ነው። በአገልግሎት ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ነፍስ» ብለን ስንጽፍ ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለችውን አንዲት ሴት እናውቃታለን? ጌታን በመቀበሏ ቤተሰቧ ፊቱን ያዞረባትን፣ በበዓል ቀን ብቻዋን የተቀመጠችውን? ወይስ ቁጥሩ ከተላከ በኋላ ፍርፋሪ እየወረወርን ከውጭ እናያታለን?

የእግዚአብሔር ልጅ እንዲህ አላደረገም። ዳዊት ሰማያትን አይቶ የሰው ትንሽነት ገርሞታል፤ እንዲህ ያለውን ትንሽ ፍጥረት እግዚአብሔር ስለ ማሰቡም ተደንቋል (መዝ. 8)። አዲስ ኪዳን ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይነግረናል። ያ አምላክ ከውጭ ሆኖ በማየት አልተወሰነም፤ ራሱ ትንሽ ሆኖ ገባ። በመለኮት ክብሩ ሳለ የባሪያን መልክ ያዘ (ፊልጵ. 2፥5-8)። በናዝሬት እስከ 30 ዓመቱ ድረስ እንደ ሰፈሩ ሰው ኖረ፤ በአደባባይ ያስተማረው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። በሰርግ ቤት ተቀመጠ። አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ ከሚያለቅሱት ጋር አለቀሰ።

ከሰማይ ወደ ምድር የመጣ እንግዳ አለ ከተባለ እውነተኛው እርሱ ነው። መሬት ሊይዝ አልመጣም፤ ደም ፈሷል፣ ያ ደም ግን የራሱ ነበር። በስሙ የምንሄድ ሁሉ አካሄዳችን ይህን መምሰል ይገባዋል።

የተደበቀ ዓላማ

ስለ ፑፓ አንድ ነገር እንጨምር። በታሪኩ ውስጥ ይህ ፍጥረት ትንሽና የሚያሳዝን ይመስላል፤ ከቤተሰቡ ጋር በሰፈሩ መካከል ይኖራል። አንድ ቀን ግን ተለውጦ ምድርን እንደሚውጥና እንደ ሽሎርፕ አድርጎ እንደሚሠራት ቤተሰቡ ያውቃል። ጎረቤቶቹ አያውቁም።

ብዙ ጎረቤቶቻችን የሚፈሩን እንዲህ ባለ ጥርጣሬ ነው። የምንሰጠው ስንዴ፣ የምንከፍተው የሕፃናት ማስጠጊያ፣ የምንጠይቀው ሕመምተኛ ሁሉ ከጀርባው ሌላ ነገር ያለበት ይመስላቸዋል። «መጤ» የሚለው ስም የሚወጣው ከዚህ ፍርሃት ነው። ስሙ ይጎዳናል። ይሁን እንጂ መልሱ ቁጣ አይደለም፤ የምናምነውን በግልጥ መናገር፣ የምናደርገውን ደግሞ ያለ ወጥመድ ማድረግ ነው። ጳውሎስ ስለ አገልግሎቱ ሲጽፍ ስውር ነገርን እንደ ጣለና እውነትን በመግለጥ ራሱን ለሰው ሁሉ ኅሊና እንዳቀረበ ይናገራል (2ቆሮ. 4፥2)። ለተራበ ሰው እንጀራ የምንሰጠው ስለ ተራበ ነው። ስለ ጌታችን ቢጠይቀን በደስታ እንነግረዋለን፤ ባይጠይቀን እንጀራውን አንነጥቀውም።

መርከቡን የሚጠብቅ ሰው

በአገራችንም ከዚህ ዘር የሆነ ፊልም ተሠርቷል። «ክራምብስ» ይባላል፤ ካርቱን ግን አይደለም። በአዲስ አበባ የኖረው ስፔናዊ ሚጌል ያንሶ አዘጋጅቶት እ.ኤ.አ. በ2015 ለእይታ የበቃ ሲሆን ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ተውነውበታል። ዓለም ከፈረሰች በኋላ ነው ታሪኩ። ሰማይ ላይ አንድ አሮጌ የጠፈር መርከብ ተንጠልጥሏል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከዚያ የመጣ ይመስለዋል፤ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን ይናፍቃል። በምድር የቀሩት ሰዎች ደግሞ ከእኛ ዘመን የተረፉ የፕላስቲክ መጫወቻዎችን እንደ ውድ ቅርስ ይይዛሉ፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ የማይክል ጆርዳን ምስል ሳይቀር ይሰገድለታል።

በሁለቱ ፊልሞች ውስጥ የአማኝን ሁለት ፈተናዎች እናያለን። አንዱ እንደ ቴሪ በዚህ ዓለም ዕቃ ተማርኮ የመጡበትን መርሳት ነው። ሌላው እንደ ኮርቮ፣ እንደ ክራምብሱም ሰው ዓይንን መርከቡ ላይ ተክሎ አጠገብ ያለውን ሰው አለማየት ነው። አገራችን በሰማይ እንደ ሆነ እናምናለን፤ ጌታም እስኪመጣ እንጠብቃለን። ነገር ግን ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የላከው ደብዳቤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለምትኖሩባት ከተማ ሰላም ጸልዩ የሚል ነበር (ኤር. 29፥4-7)። ምርኮኛ እንኳ ለባቢሎን የሚጸልይ ከሆነ፣ በገዛ አገሩ ያለ አማኝ ለደብረ ታቦር ምን ያህል ሊጸልይ ይገባዋል?

ይህ በኑሮ የሚታይ ነገር ነው። ከጉና ሥር ገብስ የሚያጭደው ጎረቤታችን ደቦ ሲጠራ ማጭዳችንን ይዘን እንገኝ። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ከሚተክሉት መካከል እንሁን፤ እድር ካስገባን በታማኝነት እንክፈል። ጎረቤታችን ሲጾም በፊቱ ሥጋ እየበላን ነጻነታችንን አናሳየው። የቡሄ ልጆች ደጃችን ሲመጡ በሩን አንዝጋባቸው፤ ሙልሙል ባይኖረን ዳቦ አይጠፋም። ልንካፈለው የማይፈቅድልን ኅሊና ያለን ነገር ቢኖር በትሕትና እንንገራቸው፤ ከማክበር ጋር የተነገረ «አልችልም» ጉርብትናን አያፈርስም።

«ይህን ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ወይ?» ላላችሁን ወጣቶች መልሳችን ይህ ነው። ነፍሳችሁን የሚያቆሽሽ ነገር ባለበት አትቀመጡ። አይታችሁት ከሆነ ግን በኮርቮ ስትስቁ የሳቃችሁበትን ነገር በራሳችሁ ሕይወት ፈልጉት፦ ጎረቤቱን ሳያውቅ የሚንቅ፣ ሳይጠይቅ የሚያስተካክል፣ በሰው መካከል እየኖረ ከሰው የራቀ። እርሱ የካርቱን ሰው ነው፤ ስቀንበት እናልፋለን። አማኝ እንዲህ ሲሆን ግን ጎረቤቱ አይስቅም፤ ከወንጌሉ ይርቃል።

ጌታ ሆይ፣ ወደ እኛ የመጣህበትን መንገድ አስተምረን። በደብረ ታቦር፣ በጋፋትና በዙሪያዋ ያለውን ሕዝብህን ሰላም አድርግ። ስማችን ሲነሣ መድፍ ሳይሆን ፍቅርህ የሚታወስበትን ኑሮ ስጠን። አሜን።